ክረምት ለመገጣጠም፣ ጥቅምት ለቀለም

ጎንደር ላይ ሞዴል መኪና የሚገጣጥም ሰው ከመመሪያው ወረቀት በፊት የቀን መቁጠሪያውን ማየት አለበት። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ እርጥብ ነው፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ ነፋሱና አቧራው ይመጣል። ሁለቱም የሚያበላሹት አንድ ነገር ነው፤ የቦዲውን ቀለም። ሌላው ሥራ፣ መቁረጡም ሆነ መሞረዱ፣ ሞተሩና ወንበሩም ጭምር፣ ዝናብ እየዘነበ ቤት ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ኪቱን፣ ማለትም ተነጣጥሎ በሣጥን የሚመጣውን የፕላስቲክ መኪና፣ ሰኔ ላይ ከፍቶ ቦዲውን ጥቅምት ላይ መቀባት ለእዚህ ከተማ ከሁሉ የሚሻለው አካሄድ ነው ባይ ነኝ።

ለመጀመሪያ ኪት ቮልስን እመክራለሁ። ከጃፓን ኪት አምራቾች ታሚያ የ1966ቱን ቮልስዋገን 1300፣ ሐሴጋዋ ደግሞ የ1967ቱን (ሁለቱም ዓመት እ.ኤ.አ. ነው) በ1/24 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 24 ጊዜ አሳንሰው፣ ሠርተውታል። ቮልስን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስ ነው። ለልኬትም ይመቻል። የእውነተኛው መኪና ርቀት ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2.40 ሜትር ስለሆነ ለ24 ሲካፈል ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ጎማዎቹ እንደገቡ በግራም በቀኝም ማስመሪያ አስጠግቶ ማየት ነው። በአንዱ ጎን 10፣ በሌላው 9.8 ካሳየ አክሰሉ ጠሞ ተጣብቋል፤ ማጣበቂያው ሳይጠና መመለስ አለበት። የአሜሪካ ኪቶች፣ እንደ ኤኤምቲ ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ 1/25 ናቸው። ልዩነቱ 4 በመቶ ብቻ ቢሆንም መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይን ይይዘዋል፤ ስብስብ የሚጀምር ሰው አንዱን መርጦ ቢጸና ይሻለዋል።

ኪቱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ስፕሬይ ቀለምና ተቀጣጣይ ማጣበቂያ ግን በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም፤ ዘመድን አምጣልኝ ብሎ ኤርፖርት ላይ ማስቸገር አይገባም። ይልቅ ለሚያመጣው ሰው የቦዲውን ሆድ በካልሲ እንዲሞላው ንገሩት፤ ሻንጣ ሲጨናነቅ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ጣሪያውን የተሸከመው ቀጭኑ ምሰሶ ነው። የቀረውን ከመኪና ቀለም መሸጫ መግዛት ይቻላል፦ ከ400 እስከ 2000 ቁጥር ያለው የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው)፣ ስፕሬይ ቀለም፣ ኮምፓውንድ (ቀለም መወልወያው)፣ ናይትሮ ቲነር።

ቲነሩ ሁለት ፊት አለው። ኪቱ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን ስለሚያሟሟው ቦዲ ሊጸዳበት አይገባም፤ በዚያው ምክንያት ግን ጥሩ ማጣበቂያ ይሆናል። ሁለቱ ዕቃዎች መጀመሪያ ደረቅ እንዳሉ ተጋጥመው ይያዛሉ። ከዚያ የቀጭን ብሩሽ ጫፍ በቲነር ተነክሮ መጋጠሚያውን ይነካል፤ ፈሳሹ ስንጥቁን ተከትሎ በራሱ ይገባል፣ ፕላስቲኩም ቀልጦ አንድ ይሆናል። ብሩሹ ላይ ጠብታ ካንጠለጠለ በዝቷል ማለት ነው። ጣታችሁንም ከመጋጠሚያው አርቁ፤ ቲነሩ በጣት ሥር ተስቦ ከገባ የጣት አሻራችሁን ፕላስቲኩ ላይ አትሞ ያስቀራል፣ እሱን ለማጥፋት ደግሞ መሞረድ ግድ ነው። የቲነር ዓይነት ስለሚለያይ ዕቃዎቹ ተያይዘው በሚመጡበት ፍሬም ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩት። መስኮት ይከፈት፣ ከሰልም አጠገቡ አይቀጣጠል።

የክረምቱ ሥራ የሚጀምረው ከማጠብ ነው። ፍሬሞቹ ሳይቆረጡ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ላርጎ ይታጠባሉ፤ ከሻጋታው የተረፈ ቅባት ካለ ቀለሙ በኋላ ይላጣል። ለመቁረጥ ስል የጥፍር መቁረጫ ይበቃል፤ ዋናው ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው። መጀመሪያ ከዕቃው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቀጥሎ ግማሽ ሚሊ ሜትር አስቀርቶ፤ የቀረችው ጉቶ በ600 ብርጭቆ ወረቀት ትስተካከላለች። በአንድ ጊዜ ተጠግቶ የተቆረጠ ፕላስቲክ ይቦጨቃል፤ መስታወት ከሆነማ ይሰነጠቃል።

ቦዲው ላይ የሻጋታው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ይኖራል። ቮልስ ሁለመናው ክብ ስለሆነ መስመሩ ፓራፋንጎው ላይ ይደበቃል፤ ጥፍር ሲያሳልፉበት ግን ይሰማል። በ600፣ ከዚያ በ1000፣ ሁልጊዜ በውሃ ይሞረዳል። ወፈር ያለ ዕቃ ላይ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ የሰረጎደ ቦታ ካለ ስቱኮ ይሞላዋል፤ ሁለት ቅይጥ የሆነው የጋራዥ ስቱኮ በቱቦ ከሚሸጠው ይሻላል። የቱቦው የሚደርቀው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ ስለሆነ፣ በወፍራሙ ሲቀባ ፕላስቲኩን ያለሰልሳል፣ ከሳምንታት በኋላም ይሰረጉዳል።

ከቀለም በፊት የምትቀር አንድ ሥራ አለች፤ ብዙ ሰው ይዘላታል። 0.1 ሚሊ ሜትር የወፈረ ቀለም በ24 ሲባዛ በእውነተኛ መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የበሩና የኮፈኑ መስመሮች ጥልቀት ከሌላቸው ቀለም ይደፍናቸዋል፣ መኪናውም በር የሌለው ይመስላል። በምላጭ ጀርባ፣ ሳይጫኑ፣ መስመሩን ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ መመላለስ ይበቃዋል። አንዴ ተጭኖ መሳብ ምላጩን ከመስመሩ ያወጣዋል።

አሁን ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ገና አልደረቀም። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነፋሱ ሳይነሳ መቀባት ነው። ወለሉ ላይ ውሃ እርጩ፣ የሱፍ ልብስ አትልበሱ። ስፕሬዩ ቀዝቅዞ ካደረ እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ የፈላ ውሃና እሳት ግን ያፈነዳዋል።

ቆርቆሮው ላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁ የሚል ጽሑፍ ቢኖርም እዚህ አይሠራም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ፣ የበጋው አየርም ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ቦዲው ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና ሻካራ ሆኖ ያርፋል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ እጅ ግን ፈጠን ይበል፣ አለዚያ ቀለሙ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ፈሳሹ ሲተን የቦዲውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ቀለሙ ላይ ይጤዛል፣ ጥቁሩም ቦዲ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል።

ሁለት ስስ የፕራይመር ቅብ፣ ከደረቀ በኋላ በ1000 ለስለስ ማድረግ፣ ከዚያ ቀለሙ። ፕራይመሩን መዝለል አይቻልም፤ የመኪና ስፕሬይ ራቁት ፕላስቲክ ላይ ካረፈ ይበላውና ገጹ በስንጥቅ ይሞላል። የቀለሙ የመጀመሪያ ቅብ ፕራይመሩን እንኳ መሸፈን የለበትም፣ ጤዛ ያህል ብቻ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየጠበቁ ሁለት ወይም ሦስት ቅብ ይደረባል። ቅቡ እንዳለቀ ሳፋ ይደፋበት። አቧራ ቢያርፍበትም አይነካ፤ ሲደርቅ በ2000 ይነሳል። መድረቁን የሚናገረው አፍንጫ ነው፤ ቦዲው የቀለም ሽታ እስካለው ድረስ ከሥር አልደረቀም። አንድ ሳምንት መጠበቅ ብዙ አይደለም። ከዚያ በኮምፓውንድ ይወለወላል፣ ግን የፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ አትሹ፤ ቀለሙ እዚያ ስስ ስለሆነ ፕራይመሩ ወዲያው ይወጣል።

ክሮም የተቀቡ ዕቃዎች ማጣበቂያ አይዝላቸውም፤ የሚጣበቀውን ቦታ ብቻ በምላጭ መፋቅ ያስፈልጋል። ክሮሙን ጨርሶ ማውጣት የፈለገ በረኪና ውስጥ ይዘፍዝፈው፣ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ይፈጃል። መስታወት በሱፐር ግሉ አይጣበቅም፤ ትነቱ ውስጡን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። የእንጨት ሥራ ነጭ ኮላ ጥርት ብሎ ይደርቃል፣ ሳይደርቅ የተረፈውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

መኪናውን የእኛ የሚያደርገው ሰሌዳው ነው። ከኪቱ ጋር የሚመጣውን ትታችሁ የእውነተኛ መኪና ሰሌዳ በሜትር ለኩና ሁለቱንም ጎን ለ24 አካፍሉ፤ ማተሚያ ቤት በፎቶ ወረቀት ይታተምላችኋል። ቀለሞቹን አታምታቱ፦ በነባሩ ሰሌዳ ኮድ 1 ታክሲ ቀይ፣ ኮድ 2 የግል ሰማያዊ፣ ኮድ 3 የንግድ አረንጓዴ ነበር፤ ክልሉም «አማ»። የፎቶ ወረቀት በዚህ ስኬል ይወፍራል፤ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት አሳስታችሁ የተቆረጠውን ነጭ ጠርዝ በጥቁር እስክሪብቶ ንኩት።

ከቮልስ ቀጥሎ ስብስቡን በከተማችን መንገድ ላይ በምናያቸው መኪኖች ማስፋት ደስ ይላል፤ የታሚያ ላንድክሩዘር 80 አለ፣ የአኦሺማ ሃይስ አለ። የጃፓን መኪና ኪት ስትመርጡ ግን የመሪውን ጎን እዩ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና መሪው በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ መንገድ የዞረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለሆነ ሃይሱን የጎንደር ታክሲ ማድረግ የፈለገ ዳሽቦርዱን ቆርጦ፣ ገልብጦ፣ ስፌቱን በስቱኮ መሙላት ይኖርበታል። የዝናብ መጥረጊያዎቹም አቅጣጫ አብሮ ይገለበጣል። ዳሽቦርዱ ለሁለቱም ጎን የመጣለትን ኪት ያገኘ ከዚህ ሁሉ ይገላገላል።

የተሠሩትን በመስታወት ሣጥን፣ ከመስኮት ፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ ነው፤ ፀሐይ ቀለምንና ዲካልን (በውሃ የሚለጠፈውን ምልክት) ታበላሻለች። ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ የእጣን ጭስ ቅባት ያለው ስስ ሽፋን ይተዋል፣ አቧራውም እሱ ላይ ይጣበቃል፤ ለስላሳ የመዋቢያ ብሩሽ በጥቂት የላርጎ ውሃ አርጥቦ ማንሳት እንጂ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ቀለሙን ይጭረዋል። ያልተከፈቱ ኪቶችን በተለይ የቆዩትን ከፍታችሁ ጎማዎቹን ለብቻ በፌስታል አስሯቸው። ለስላሳው ጎማ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቀስ እያለ ይወጣና የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ ቸርኬ ላይ ከሆነ ዙሪያውን፣ ቦዲ ላይ ከሆነ የጎማ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይሠራል። በተሠሩት ላይ ጎማው ከመግባቱ በፊት ቸርኬውን አንድ ዙር የቧንቧ ሠራተኞች ቴፍሎን መጠቅለል ይከላከለዋል፤ ስስ ስለሆነም ከውጭ አይታይም።