ለጎማ ትሁንህ

ሦስት ቀኔ ነው። አንዲት ባለ 200 ብር ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አለች፣ ሐምራዊ፣ አዲስ፣ እጥፋት እንኳ የሌላት። ትናንት ሱቅ ሄጄ ሳሙና ልገዛባት አወጣኋትና አየኋትና መልሼ ከተትኳት። ማታ ማታ ልክ ዓይኔ ሊከደን ሲል የእትዬ ድምፅ ይመጣል፣ "ለጎማ ትሁንህ ሆዴ"። ገልበጥ እላለሁ። ሚስቴ "ምን ሆንክ?" ትላለች። ምን ሆንክ ትለኛለች እንዴ፣ እሷ ራሷ እዛው ነበረች እኮ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ አይቻታለሁ።

ነገሩ የመጣው በመኪናዋ ነው።

አባቴ በደርግ ጊዜ የገዛት ላዳ አለችን። ነጭ ነበረች ይባላል። ላዳ ማለት ሩሲያ ከጣሊያኑ ፊያት 124 ቀድታ የሰራችው ነው፣ የኛዋን ግን አሁን ሩሲያም ጣሊያንም ቢያያት ልጄ ናት የሚላት የለም፣ ካርቡሬተሯ የሌላ፣ ሞተሪኖዋ የሌላ፣ የግራ ስፖኪዮዋ የባጃጅ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፣ እሷም ከዛ ወዲህ ልቧ ተሰብሮ ነው መሰለኝ ጠዋት ጠዋት አትነሳም። ሩሲያ ተሰርቶ ብርድ የማይችል መኪና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የደሴ ጠዋት ላይ ጭራሽ ትንፍሽ አትልም፣ ኮምቦልቻ ወርዳ ሙቀቱ ሲነካት ግን አንዴ ቁልፍ ስትነካት ቱር ትላለች። 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው።

የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ደግሞ ቆይቷል። ሜዳ አገር ብንኖር ችግር የለውም፣ ደሴ ውስጥ ግን ቁልቁለት ያልሆነ ሰፈር ያለው ካለ ያሳየኝ፣ ልጅ ሆነን ኳስ ስንጫወት እንኳ አንደኛው ቡድን ሁሌ ዳገት ነበር የሚያጠቃው። ስለዚህ ታኮ፣ ጎማ ስር የሚደረግ ድንጋይ ማለቴ ነው። እና ስለ ታኮው ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ከመኪናዋ ይልቅ የተከበረው እሱ ነው።

ድንጋዩን አባቴ ያመጣው ከቦርከና ዳር ነው። ጥቁር፣ ባንድ በኩል ልሙጥ፣ በሌላው በኩል ልክ የላዳ ጎማ ተለክቶ የተጠረበ የሚመስል ጎድጎድ ያለ። እንደዛ ዓይነት ድንጋይ ሁለተኛ አይገኝም ይል ነበር አባቴ፣ እኛም አምነን አደግን። ለበዓል መኪናዋ ስትታጠብ እሱም ይታጠባል። የሰፈር ልጆች ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁት እሱ ላይ ተቀምጠው ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት አጥር ሲያጥር "አንዴ ላስደግፍበት" ብሎ ወስዶት ሁለት ቀን ሲቆይ አባቴ ሽማግሌ ልኮበታል፣ አልቀለድኩም፣ ሁለት ሰው ነው የሄደው። ሊብሬው ጠፍቶ ያውቃል፣ ቁልፉ ጠፍቶ ያውቃል፣ ድንጋዩ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ቦሎ ሊለጠፍ ሲባል ሁሌ የማስበው መኪናዋ ላይ ከሚለጠፍ ለምን እሱ ላይ አይለጠፍም ነው፣ ቢያንስ ስራውን ይሰራል።

እና ዘንድሮ ይብቃን አልን። ሚስቴ ሽጣት አለች። የሚስቴ ወንድም፣ አዲስ አበባ የሚኖረውና ሁሉን የሚያውቀው፣ ስልክ ደውሎ ግማሽ ሰዓት ሌክቸር ሰጠኝ። ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ ወዲህ ያረጀ መኪና ከውጭ ላስገባ ብትል እስከ 500 በመቶ ድረስ ነው የሚጫንብህ፣ በ2016 ደግሞ ጭራሽ ከኤሌክትሪክ ውጪ የቤት መኪና አይገባም ተባለ፣ ስለዚህ እዚህ ያለው አሮጌ ሁሉ ወርቅ ሆኗል፣ አንተ ወርቅ ላይ ተቀምጠሃል አለኝ። ወርቅ። ወንበሯ ስፕሪንጉ ወጥቶ የሚወጋኝ መሆኑን ስለማያውቅ ነው እንጂ የምቀመጠውስ ምን ላይ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደላላ ተጠራ። ደላላው ዞር ዞር ብሎ አያትና በመጀመሪያ ያወራው ስለ 2 በመቶ ኮሚሽኑ ነው። ከዛ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፋት፣ ምን ብሎ ለጠፋት መሰላችሁ፣ "ዶክተር የነዳት"። አባቴ አስተማሪ ነበር። "ወንድሜ ዶክተር ከየት አመጣህ?" ስለው "ያው የተማረ ሰው አይደል" አለኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ፣ በዚህ አገር የሚሸጥ መኪና ሁሉ ዶክተር የነዳው፣ ወይ ሴት የነዳችው፣ ወይ ዲያስፖራ ለክረምት መጥቶ አስር ቀን የነዳው ነው። መንገድ ላይ እየተጋጨ የሚሄደውን መኪና ታዲያ ማነው የሚነዳው? ሐኪም ቤት ስንሄድ ወረፋ ጠብቁ የምንባለው ዶክተሮቹ ሁሉ መኪና ሊያሟሹ ስለሚወጡ ነው? ደግሞ ዋጋ ተጽፎ እያለ "ስንት ነው" የሚል ኮመንት። ደግሞ "ኢንቦክስ አድርግልኝ" ብሎ ኢንቦክስ ስታደርግለት የሚጠፋ። አንዱ ደውሎ ሃያ ደቂቃ ጠይቆኝ ጠይቆኝ መጨረሻ ላይ "እኔ እንኳን ልገዛ ሳይሆን አባቴም እንዲህ ዓይነት ነበረችው ናፍቃኝ ነው" አለ። ናፍቃኝ ነው!

የምር ገዢ ነኝ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ኮምቦልቻ። "ውሰዳት፣ እዛ ቶሎ ነው የምትነሳው" አለ ደላላው፣ እሱም ነቅቷል። ሰፈር ገፍቶልን ተነሳችና የእህቴን ልጅ ረዳት አድርጌ፣ ድንጋዩን ጭኑ ላይ አሳቅፌው የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፍሬኗ ሦስቴ ሲረገጥ ነው የሚይዘው፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ጥምዝምዙን ስንወርድ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተን፣ ከኋላ ያለው አይሱዙ ጡሩንባውን አንዴ ነፍቶ አላቆመም፣ ልጁ ድንጋዩን እንደ ታቦት አቅፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ደረስን። ሰውዬው አራቱንም ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ (ሰው ለምንድነው ጎማ የሚመታው ግን? ምን ሊላችሁ ነው ጎማው?)፣ ኮፈኑን ከፍቶ አየና እንደ ሬሳ ሳጥን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ብዙ ዝም አለ። ከዛ ጎንበስ ብሎ ከጎማው ስር ያለውን አየና፣

"ወንድም ዓለም፣ ድንጋዩ ከመኪናዋ ጋር ነው?"

"አዎ።"

"ለብቻው አይሸጥም?"

ለመኪናዋ 60 ሺህ ብር እሰጥሃለሁ አለኝ፣ እሱንም "ለቁራሌ ብትሰጣት ከዚህ በላይ አታገኝም" ብሎ ጨመረበት። አመስግኜ ተመለስኩ። ዳገቱን ሦስት ጊዜ እየቆምን፣ ራዲያተሩ ላይ በሃይላንድ ውሃ እያፈሰስን፣ በቆምን ቁጥር ልጁ እየዘለለ ታኮ እያደረገ። አራት የጭነት መኪናና አንድ አህያ አለፈን። አህያው ላይ ጭነት ነበረበት።

እቤት ስደርስ እናቴ "ለምን ለቅሬው አትሰጣትም" አለች። ቅሬ ማለት ሸገሮች ዕድር የምትሉት ነው። "ያባትህ ቀብር በነሱ አይደለም ወይ ያማረ? ድንኳንና ድስት ይጫኑባት፣ ነፍስ ይማር ይሉታል።" እውነት ለመናገር ሀሳቡ ደስ አለኝ። አዎ ለአባቴ ነፍስ ብዬ፣ ግን ደግሞ ስሜ በስብሰባ ሲነሳ ታየኝ፣ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሲመርቁኝ፣ ለቅሶ ቤት ስገባ "መኪናዋን የሰጠው እሱ ነው" ሲባል። መሸጥ ያቃተው ሰው እንዴት ፈጥኖ ቸር እንደሚሆን በራሴ አየሁት። የስጦታ ንግግር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ መስታወት ፊት ሁለቴ ተለማምጄ።

እሁድ ሄድኩ። ተናገርኩ። ቅሬው በሙሉ ዝም ብሎ ሰማኝ፣ እኔ ዝምታውን አድናቆት መስሎኝ። የቅሬው ዳኛ፣ ሰብሳቢው ማለት ነው፣ "እስቲ እንያት" አሉና ሁሉም ተነስቶ እኛ በር መጣ።

"አስነሳት እስቲ ልጄ።"

አልተነሳችም። ገፍተን እናስነሳት ተባለ፣ ጋቢ የለበሱ ሰባት ሽማግሌ ከኋላ ተደረደሩ፣ ታኮው ተነሳ፣ ሄደች። ሁለቴ አስነጠሰችና አንድ ጥቁር ጭስ ዳኛው ነጭ ጋቢ ላይ ተፍታ ቁልቁለቱ መጨረሻ ካለው አጥር ስር ዝም አለች። አሁን ደግሞ ወደ ላይ መግፋት ሊኖርብን ነው። አንዱ "ያ ረቢ" ይላል፣ አንዱ "በስመ አብ" ይላል፣ በሁለቱም ሃይማኖት ተለምና እምቢ አለች። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያያል፣ ልጆች ከኋላ እየተከተሉ ያጨበጭባሉ፣ እኔ መሪ ይዤ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ መውረድም መቀመጥም አፈርኩ።

አድርሰዋት ታኮ ካደረጉላት በኋላ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ራቅ ብለው ተመካከሩ። አስር ደቂቃ። ዳኛው መጡ።

"ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። ያባትህንም ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበር። ግን የኛ ቅሬ የሞተ ይቀብራል እንጂ የሞተ አይነዳም።"

ሳቁን ተዉት። ሳቁን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ቀጥሎ የመጣው ነው። ገንዘብ ያዧ እትዬ ከመሀል ወጥተው መሀረባቸውን ፈቱ፣ ፈቱ፣ ፈቱ፣ እና ያቺን 200 ብር አወጡ። "ችግር መሆኑ ገብቶናል። ሰው ካልጨነቀው ያባቱን እቃ ይዞ አይወጣም።" እትዬ ኧረ አይደለም፣ እኔ እኮ ልሰጥ ነው የመጣሁት፣ ብላቸው ማን ሊሰማኝ። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተቷትና ከላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት፣ ልክ ህፃን ሲያስተኙ እንደሚያደርጉት። "ለጎማ ትሁንህ ሆዴ።" ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ልመልስላቸው ብሞክር እንባው ሊፈስ ነው።

ጎማ ደግሞ በ200 ብር! የጎማ ሳይሆን የጎማ ንፋስ እንኳ... ይቅር።

ይሄ ሳያንስ ዳኛው ዞር ብለው "ድንጋዩን ግን ብትሰጠን" አሉ። ነፋሱ የድንኳኑን ገመድ እየነቀለ አስቸግሯቸዋል፣ እንዲህ ዓይነት ልሙጥ ከባድ ድንጋይ ሲፈልጉ ነው የከረሙት። ምን ልበል? ልሰጥ መጥቼ ምንም ሳልሰጥ፣ ጭራሽ ተቀብዬ። እሺ አልኩ። ንብረት ክፍል የሚባሉት ጋሼ በጡረታ ከመውጣታቸው በፊት መጋዘን ያዥ ነበሩ፣ ያለ ሰነድ ቅል አይቀበሉም፣ ከቦርሳቸው ደረሰኛቸውን አውጥተው ሞዴል 19 ነው ብለው ጻፉልኝ። እቤት አለ፣ ቃል በቃል ልገልብጠው፦ "ድንጋይ፣ ጥቁር፣ ለታኮ ያገለገለ። ብዛት 1። ሁኔታ፦ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ።" ፊርማ፣ ማህተም። መኪናዋ ይሄን ቃል በሕይወቷ ከማንም አግኝታ አታውቅም። ደላላው እንኳ፣ ዶክተር የፈጠረላት ሰውዬ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለች አላላትም።

አሁን ላዳዋ የቆመችው በእናቴ መጅ ነው፣ በቃ ሌላ አልተገኘም። መጁ ትንሽ ስለሆነ አይመቻትም፣ እናቴ በርበሬ ልትፈጭ ስትፈልግ ደግሞ አንድ ሰው ገብቶ ፍሬን ረግጦ መቀመጥ አለበት። ትናንት ተራው የኔ ነበር፣ አርባ ደቂቃ። ቁራሌው አልፎ ሲሄድ በመስኮት አየኝና ምንም ሳይል ሰላም ብሎኝ ሄደ።

ዛሬ ከላይኛው ሰፈር ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ገባሁ፣ ነፍስ ይማር አልኩ፣ ቦታ ፈልጌ ስቀመጥ ጎኔ ማን አለ? እሱ። ገመዱ ወገቡ ላይ ተጠምጥሞ፣ አናቱ ላይ አንድ ሽማግሌ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጠውበት፣ ኮርቶ። ጠጋ ብዬ ነካሁት። እሱን እያየሁ ሀሳብ ይዞኝ ሲሄድ ከሴቶቹ በኩል፣ ድንኳኑ ሁሉ ፀጥ ባለበት ሰዓት፣ የማውቀው ድምፅ መጣ፣

"ሆዴ፣ ጎማዋን ገዛህ ወይ?"