ቶርፔዶ የሚስተው በርቀት አይደለም

ሳይለንት ሃንተር 3 የተባለውን የሰርጓጅ መርከብ የኮምፒውተር ጨዋታ ማነጣጠሪያውን በእጅ አድርጎ የሚጫወት ሰው ሁሉ ቶርፔዶው (በውሃ ውስጥ የሚሄደው ፈንጂ) ሲስትበት መጀመሪያ የሚያማርረው ርቀትን ነው። "ርቀቱን መለካት አልቻልኩም፣ ለዛ ነው የሳትኩት" ይላል። እኔ ብዙ ከተጫወትኩ በኋላ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተው የመርከቧ ፍጥነት ነው።

ርቀት ማስቸገሩ እውነት ነው። በፔሪስኮፑ (ከውሃ በላይ በሚያሳየው መመልከቻ) ከውሃው እስከ መርከቧ ምሰሶ ጫፍ ለክተህ ነው የምታገኘው፣ ባሕሩ ከተናወጠ መስመሩ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ የመርከቧን ዓይነት ካልለየህ ደግሞ የምሰሶው ቁመት ራሱ የሌላ መርከብ ይሆናል። ስለዚህ ከርቀት ጋር መታገሉን ትቼ ርቀት የማይጠይቀውን አተኳኮስ ያዝኩ።

እንዲህ ነው። ቀድሜ ሄጄ ሰርጓጇን ከመርከቧ መንገድ ጋር 90 ዲግሪ አድርጌ አቆማለሁ። ፔሪስኮፑን 0 ላይ፣ ማለትም ቀጥታ ወደፊት፣ አድርጌ የመርከቧን አንግል (አፍንጫዋ ከእኔ እይታ መስመር ጋር የሚሠራውን) 90 ብዬ ማነጣጠሪያው ላይ እሞላለሁ፣ ፍጥነቷንም አስገባለሁ። ከዚያ ፔሪስኮፑን መርከቧ ወደምትመጣበት ጎን አዞረዋለሁ፣ የጋይሮው አንግል (ቶርፔዶው ከወጣ በኋላ የሚታጠፍበት) 0 ሲል አቆማለሁ። መርከቧ በ8 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ ቶርፔዶው በ30 ኖት የሚሄዱ ከሆነ 15 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። መርከቧ የፔሪስኮፑ መሀል መስመር ላይ ስትደርስ መተኮስ ብቻ ነው። 600 ሜትር ላይ ትሁን 1200፣ አንግሉ አይለወጥም፣ ምክንያቱም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሁለቱም መንገድ እኩል እጥፍ ይሆናል። ብቻ ከ300 ሜትር በታች እንዳትቀርብ፣ ቶርፔዶው አይፈነዳም።

አሁን የቀረው ፍጥነት ነው፣ ጊዜዬን የማጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ካርታው ላይ መርከቧ ያለችበትን ምልክት አደርጋለሁ፣ ሰዓቱን አስነስቼ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሲሞላ ደግሜ ምልክት አደርግና መሀሉን እለካለሁ። 800 ሜትር ከሆነ 8 ኖት ነው፣ ሁለቱን ዜሮ መጣል በቃ፤ አንድ ኖት በዚያ ጊዜ ውስጥ 100 ሜትር ያህል ስለሚያስኬድ ነው።

ካርታው መርከቦችን እንዳያሳይ ያጠፋ ሰው ደግሞ ሰርጓጇን አቁሞ ፔሪስኮፑን ሳያንቀሳቅስ፣ መርከቧ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መስመሩን ለማለፍ የፈጀባትን ሰከንድ ይቁጠር። ርዝመቷን ለሰከንዱ አካፍሎ በ1.94 ማባዛት ነው። ሊበርቲ የሚባለው የጭነት መርከብ 134 ሜትር ገደማ ነው፣ በ24 ሰከንድ ካለፈ 11 ኖት ሊሞላ ምንም አይቀረው። እኔ ይሄኛውን ነው የምወደው፣ ርቀትም ካርታም አይጠይቅም።

ቀርቦ መተኮስም ዋጋ አለው። በ30 ኖት የሚሄድ ቶርፔዶ 1000 ሜትር ለመጓዝ 65 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ፍጥነቱን በአንድ ኖት ብትስት እንኳ ነጥብህ የሚሸሸው 33 ሜትር ነው፣ መሀሏን ካነጣጠርክ ያቺን ሊበርቲ ትመታታለህ። 3000 ሜትር ላይ ግን ያው አንድ ኖት 100 ሜትር ይሆንና ውሃ ትመታለህ።

ከሳተም የት በኩል እንዳለፈ እስከ መጨረሻው እዩት። በአፍንጫዋ ፊት ካለፈ ያስገባችሁት የመርከቧ ፍጥነት በዝቷል ማለት ነው፣ በጭራዋ በኩል ካለፈ አንሷል። እኔ አንድ ኖት አስተካክዬ፣ ሳትርቅብኝ ሁለተኛውን እልካለሁ።