ለ6.5 ሜትር ከፍታ የገዛሁት ዘንግ

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የማስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ባለ አንድ ፎቅ ነው። እንግዳው ጣናን ሊያይ ስለሚመጣ በሐይቁ በኩል ያሉት መስታወቶች ቆሽሸው መገኘት የለባቸውም። ይቆሽሻሉ ግን፦ በበጋ አቧራ፣ ማታ መብራት የሚስበው ትንኝ፣ ትንኙን ተከትሎ የሚያደራ ሸረሪት። ግድግዳው ሥር ያለው የአበባ መደብ አፈሩ ልል ነው። እዚያ ላይ መሰላል አቁሞ ሰው ማውጣት አልፈለግኩም፤ መሬት ላይ ተቁሞ የሚሠራበት፣ እየተሳበ የሚረዝም ዘንግ መግዛት ነበረብኝ።

ገበያ ከመውጣቴ በፊት ለካሁ። ጠጠር ያሰርኩበትን ሲባጎ ከላይኛው መስኮት አናት ወደ ታች ስለቀው 6.5 ሜትር ሆነ። ዘንግ የሚይዝ ሰው የላይኛው እጁ ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚያርፍ 5 ሜትር ይቀራል። መደቡ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ስለሚያርቀን ዘንጉ ያዘነብላል፤ በዚህ ምክንያት 5ቱ ሜትር 5.2 ይሆናል። ለታችኛው እጅ 80 ሳንቲሜትር ሲጨመር 6 ሜትር። «ትርፍ ቢኖረው አይጎዳም» እያሉ 9 ሜትሩን የመከሩኝ አልጠፉም። ይጎዳል እንጂ! ሳይሳቡ የሚቀሩት ክፍሎች ክብደታቸው ከክንድ ላይ አይወርድም።

ቀርከሃም ታስቦ ነበር፤ ከእንጅባራ በኩል እንደ ልብ ይመጣል፣ ርካሽም ነው። ለሸረሪት ድር ይበቃል፣ እስካሁንም አንድ አለን። ለመስታወት ግን ጫፉ ላይ ባለ ላስቲኩን መጥረጊያ አጥብቆ የሚይዝ ነገር የለውም። አሉሚኒየም ጠንካራና ዋጋው የሚቀመስ ነው፤ ካርቦን ፋይበር ደግሞ ቀላልና የማይለመጥ፣ ግን ውድ። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት ሽቦ በሕንፃው ጥግ በኩል ስለሚያልፍ ፋይበር ግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ፣ መረጥኩ። ይህም ቢሆን የማያስተላልፈው ደረቅና ንጹሕ ሲሆን ነው፤ መስታወት ሲታጠብ ደግሞ ውኃው በዘንጉ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ስለዚህ ሽቦው አጠገብ ያለችው መስኮት ከውስጥ ብቻ ትጠረጋለች።

ሱቅ ውስጥ ተሰብስቦ የቆመ ዘንግ ሁሉ ጠንካራ ይመስላል። ጫፉ ላይ ያለው ክብደት ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ግን መለመጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ባለሱቁን አስፈቅጄ የእግረኛ መንገዱ ላይ እስከ መጨረሻው ሳብኩት፤ «ወንድሜ፣ ዓሣ ልታጠምድበት ነው እንዴ?» አለኝ። መጥረጊያውን ገጥሜ፣ አቁሜ፣ ወደ ታች ጎተትኩ። አንደኛው ዘንግ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ ዓይነት ነበር፤ ጫን ስለው ክፍሎቹ ወደ ውስጥ ተንሸራተቱ። ሳሙና በነካው እጅ አጥብቆ መጠምዘዝም አይመችም። ሁለተኛው ተጭነው የሚዘጉት መቆንጠጫ ነበረው፤ ሲላላ የምታጠብቀው ትንሽ ብሎን አለችው። እሱን ያዝኩ። የጫፉ ጥርስም ከመጥረጊያው እጀታ ጋር መግጠሙን እዚያው አየሁ፤ ለቀለም ሮሎ የተሠራው ከሁሉም መጥረጊያ ጋር አይገጥምምና።

የመጥረጊያውን ስፋት የወሰነችው ግን ጽዳቱን የምትሠራው እትዬ ናት። ባለ 45 ሳንቲሜትሩን ስትሞክር «ይኸውልህ፣ በዚህ ቀን ሙሉ ብሠራ ክንዴ ይገነጠላል» አለች። እውነቷን ነው፤ ላስቲኩ በሰፋ መጠን ከመስታወቱ ጋር እኩል ለማጣበቅ የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል፣ ዘንጉ ደግሞ ግፊቱን ግማሽ መንገድ ላይ በመለመጥ ይበላዋል። በ35 ሳንቲሜትሩ ተስማማን። ዘንግ የሚገዛ ሰው የሚሠራበትን ሰው ይዞ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

ሥራው ጠዋት፣ የሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ ይሠራል። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ መስኮቶቹ ዓመቱን ሙሉ ጥላ የሚሆኑ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በእኛ በኩል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በተለይ በግንቦት፣ ረፋዱ ላይ ሳሙናው ላስቲኩ ሳይደርስበት ይደርቅና መስታወቱ ላይ ዥንጉርጉር መስመር ይተዋል።

ከሥራ በኋላ ክፍሎቹን አውጥተን በንጹሕ ውኃ እናለቀልቃለን፤ መቆንጠጫው ውስጥ የገባ አሸዋ ዘንጉን ይፍቀዋል። የምናደርቀውም የምናስቀምጠውም ጥላ ሥር ነው፤ ፋይበር ግላስ ፀሐይ ላይ ሲከርም ገጹ ይሻክርና ደቃቅ የመስታወት ክር መዳፍ ውስጥ ይሰካል።