የድሮ ዴስክቶፔን ፕሮሰሰር ድሬዳዋ ላይ በትንሽ ብር እንዴት እንደቀየርኩ

ሳቢያን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ቤት አለችኝ። ሥራዬን ሁሉ የሚሸከምልኝ ያገለገለ የገዛሁት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው፤ ውስጡ አይ3-2120 ፕሮሰሰር (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው የማሽኑ አንጎል) ነበረው። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ጉርድ ፎቶ እስከሆነ ድረስ ምንም አይለኝም። የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ስጀምር ግን አቃተው። የ10 ደቂቃ ቪዲዮ አውጥቶ ለመጨረስ 34 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በመሃል ደንበኛ መጥቶ አንዲት ደብዳቤ ጻፍልኝ ቢል ማውሱ እንኳ አልታዘዝ ይለኛል።

አዲስ ማሽን የሚታሰብ አልነበረም። በእጄ ያለው 4 ሺህ ብር ነው።

ብር ከማውጣቴ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ታስክ ማናጀርን (የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍቼ እየሠራሁ ተመለከትኩ። ካደረግኩት ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው። ኤስኤስዲ የሚሉትን ፈጣን ዲስክ አስቀድሜ ስላስገባሁ ዲስኩ ዘና ብሏል፤ ከ8 ጊጋ ራም 5ቱ ነው የተያዘው፤ ፕሮሰሰሩ ግን 100 በመቶ ላይ ወጥቶ ንቅንቅ አይልም። ችግሩ እሱ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ዲስኩ ወይም ራሙ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ፕሮሰሰር መግዛት ብር ማቃጠል ነበር። እስካሁን በድሮው ሃርድ ዲስክ የምትሠሩ ካላችሁ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዙ፤ በዚህ ነገር አልደራደርም።

ከዚያ እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ወረድኩ። የተፈታቱ ኮምፒውተሮች ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ጋ አይ5-3470 አገኘሁ፣ 2,300 ብር። «ሶኬቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ማለቱ ነው፤ 1155 አልኩት። «አቦ፣ ይሄም 1155 ነው፤ ወላሂ ይገባል!» አለ። እውነቱን ነው፣ ገባ። ቤት ወስጄ ገጥሜ ሳበራው ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንዳለ ቀረ። ራሙን ነቅዬ መለስኩ፣ የባዮሱን (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ባትሪ አውጥቼ መለስኩ፣ ያው ነው። የድሮውን አይ3 ስመልስለት ወዲያው ተነሳ።

ማታ ስልኬ ላይ ስፈልግ አደርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ቁጥር ትውልዱን ትናገራለች፤ 2120 ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ ሳንዲ ብሪጅ የሚሉት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ። 3470 ደግሞ ሦስተኛው፣ አይቪ ብሪጅ፣ የ2012። ሁለቱም ያው ኤልጂኤ 1155 ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ይቀበለው አይቀበለው ግን የሚወስነው ቺፕሴቱ፣ ማለትም ሰሌዳው ላይ ያለው አገናኝ ቺፕ፣ እና ባዮሱ ነው። እንደ ኤች61 እና ዜድ68 ያሉት፣ የቦርዱ አምራች ማሻሻያ ካወጣላቸው፣ ባዮስ ታድሶላቸው ሦስተኛውን ትውልድ ይቀበላሉ። ቢ65፣ ኪው65 እና ኪው67 ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። የኔ 790 ኪው65 ነው። ባዮስ ባድስለትም ዋጋ አልነበረውም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ባዮስ ማደስ ደግሞ ማዘርቦርዱን እስከወዲያኛው ሊገድለው ይችላል።

በነጋታው ለመመለስ ስሄድ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ሱቁ ተዘግቷል። ድሬ ፀሐይዋ ከከረረች በኋላ ገበያ እንደማይገኝ እያወቅኩ ቸኩዬ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሙሉ ማሽኑን በባጃጅ ጭኜ ነው የሄድኩት። ልጁን «ወንድሜ፣ እዚሁ ጠረጴዛህ ላይ ገጥመን፣ ከተነሳ እንነጋገራለን» አልኩት። ሳያቅማማ እሺ አለ። ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር ማድረግ።

አይ5-2400 መረጥን። አራት ኮር ነው፣ ማለትም ሥራ የሚካፈሉ አራት ክፍሎች አሉት፤ የኔው አይ3 ሁለት ኮር ብቻ ነበረው። አንድ ሌላ ርካሽ ነበር፣ 2400ኤስ የሚል። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ቀላል አይደለችም፤ ኤስ ያለበት ኃይል ቆጣቢ ሆኖ ፍጥነቱ 2.5 ጊጋኸርዝ ነው፣ ባዶው 2400 ግን 3.1። እንደ 2380ፒ፣ ፒ ያለበት ደግሞ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ለብቻ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ሰው ስክሪኑ ጥቁር ይሆንበታል።

ፋኑን ከነብረቱ ከማውጣታችን በፊት ማሽኑን አሥር ደቂቃ አስነስተን አሞቅነው፤ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መሃል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ፔስት የሚሉት፣ ደርቆ እንኳ ሲሞቅ ይለሰልሳል። አጥፍተን ገመዱን ነቀልን፣ አራቱን ብሎን በየማዕዘኑ እያፈራረቅን ፈታን። ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ግራና ቀኝ ትንሽ ጠምዘዝ ማድረግ ነው። የብረቱ ክንፎች መሃል የድሬ አቧራ ተጋግሮ ብርድ ልብስ መስሏል፤ በቀለም ብሩሽ ጠረግነው። ፔስቱን ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ አስለቀቅን።

ፕሮሰሰሩ ሲነሳ ሶኬቱ ላይ ያሉት ፒኖች ይታያሉ። እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ወርቅማ፣ 1,155 ናቸው። በስልክ መብራት ከጎን ስታበሩባቸው ሁሉም እኩል ማብረቅ አለባቸው፤ አንዷ ከጎረቤቷ የተለየች ከሆነች ተጣማለች ማለት ነው። ጣትም ጨርቅም አይንካቸው። የፕሮሰሰሩን ሁለት ጎድጓዳ ጠርዞች ከሶኬቱ ጋር አገጣጥሞ እንዲሁ ማስቀመጥ እንጂ መግፋት የለም። ማንሻውን ስትጫኑት ግን ሲጥ የሚል ድምፅ አለው። የመጀመሪያ ቀን ያ ድምፅ ልቤን አቁሞት ነበር፤ ትክክለኛ ድምፁ ነው። ፔስቱን የአተር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ጠብ አድርገን ፋኑን መለስን።

ተነሳ። ኤፍ2 ተጭኜ ባዮስ ውስጥ ስሙን አየሁት፤ ዊንዶውስም ምንም ሳይጠይቀኝ ገባ። ዋጋው 1,800 ብር ነው፤ ለመጀመሪያው ከከፈልኩት ላይ 500 መለሰልኝ። ፔስቱና ባጃጁ ተደምረው ከ2,300 ብዙ አላለፍኩም።

ያው ቪዲዮ አሁን በ21 ደቂቃ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። የድሮው 65 ዋት ነበር፣ አዲሱ 95 ዋት ነው (ዋቱ ሲበዛ ሙቀቱም ይበዛል)፣ የቀየርኩትም ግንቦት ላይ ነው። ከሰዓት ቪዲዮ ሲሠራ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ አለፈ። ማሽኑ ወለል ላይ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነበር የተቀመጠው። ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅኩት፣ የፊቱን ሽፋን ፈትቼ አጠብኩት፤ ወደ 70 ወረደ። አሁን በየወሩ አቧራውን እጠርጋለሁ።

የዚህ ማሽን ዕድሜ ገደብ እንዳለው አውቃለሁ። ዊንዶውስ 11 ሁለተኛ ትውልድን በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ስለዚህ ሌላ ብር አላፈስበትም፤ ከዚህ በኋላ የማጠራቅመው ለሌላ ማሽን ነው።

የተረፈው አይ3 በስፖንጅ ተጠቅልሎ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የጎረቤት ልጅ ባለፈው ሳምንት መጥቶ የሱ ዴስክቶፕ ፔንቲየም ጂ620 መሆኑን ነገረኝ። እሱም 1155 ነው፣ ሁለተኛ ትውልድም ነው። «መጀመሪያ የማዘርቦርዱን ቁጥር ፎቶ አንስተህ አምጣ» አልኩት። ትናንት አመጣው፤ ቅዳሜ ጠዋት እንገጥምለታለን።