ቤቲንግ ቤት ከማሸግ ይልቅ ገደብ ይውጣለት

ጎንደር ውስጥ የቤቲንግ፣ ማለትም የስፖርት ውርርድ፣ ነገር ሲነሳ ወሬው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋ» ይላል። ሌላው «በገዛ ብሩ ነው፣ አንተን ምን አገባህ» ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። የምፈልገው አንድ ሰው በቀንና በወር ቢበዛ ስንት ብር ማስያዝ እንደሚችል በሕግ እንዲወሰን ነው።

ፒያሳ ባጃጅ የሚነዳ አንድ የሰፈራችን ልጅ አለ። ቅዳሜ ዕለት ቲኬቱን አሳየኝ። አስር ጨዋታ ደርድሯል፣ የእያንዳንዱ ኦድ (ጨዋታው ከተሳካ የተያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር) 1.5 ነው። «ጋሼ፣ በ100 ብር 5,766 ብር እኮ ነው!» አለኝ። እውነትም ሁሉም ቀላል ጨዋታ ይመስላሉ። ቁጭ ብለን አሰላነው። አወራራጁ ከእያንዳንዱ ጨዋታ 5 በመቶ ትርፍ ለራሱ አስቀርቷል ብንል፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ለቆረጠ ሰው ጉዳቱ ትንሽ ነው። አስር ሲደረደር ግን የአወራራጁም ትርፍ አብሮ እየተባዛ ስለሚሄድ፣ ከ100 ብር በአማካይ ተመልሶ የሚመጣው 60 ብር ገደማ ነው። አስሩም የመሳካታቸው ዕድል ደግሞ ከመቶ አንድ። ልጁ ምንም አላለም፣ ቲኬቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሞተሩን አስነሳ። ለባጃጁ ባለቤት የሚያስገባው የቀን ገቢ ገና አልሞላም ነበር።

ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም። ከ21 ዓመት በታች የሆነ መጫወት አይችልም። ሰው ፊቱን አይቶ ዕድሜ ሊገምት ነው እንግዲህ! በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ ከሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ እንዲቆረጥ ደንግጓል። መንግሥት ያሸነፈውን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል ማለት ነው። የወር ደመወዙን በአንድ ሳምንት የጨረሰውን ግን ማን መዘገበው?

አዲስ አበባ ላይ ቤቶቹ በዘመቻ ሲታሸጉ አይተናል። ጊዜያዊ እፎይታ ይሰጣል፣ አልክድም። ግን ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ ነው የሚሄደው። በሩ ሲታሸግ ልጁ ስልኩን ያወጣል፣ በዚያ ላይ ስልኩ ማታም አይዘጋም፣ አልጋ ውስጥም አብሮት ይገባል።

ገደብ ደግሞ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። እንግሊዞች በ2019 እ.ኤ.አ. ውርርድ ቤት ውስጥ ባሉት ማሽኖች ላይ በአንዴ የሚያዘውን ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ፓውንድ አወረዱት፣ በዓመቱ በክሬዲት ካርድ መቆመርን ከለከሉ። ኖርዌይ በ2007 እ.ኤ.አ. የቁማር ማሽኖቹን ከነጭራሹ አነሳች። በኋላ ሌላ ዓይነት ስታስገባ ተጫዋቹ በስሙ ካርድ ካልያዘ አይጫወትም፣ ገደቡ ላይ ሲደርስም ማሽኑ አያስቀጥለውም።

እኛም ፋይዳ አለን፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያለው መታወቂያ። የሞባይል ገንዘቡም በሰው ስም የተመዘገበ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ አንድ ሰው በአምስት ድርጅት አካውንት ቢከፍት እንኳ ድምሩ ተይዞ ገደቡ ላይ ሊቆም ይችላል። «እባካችሁ እኔን አታስገቡኝ» ብሎ ራሱን ማዘጋት የሚፈልግም አለ፣ እመኑኝ ብዙ ነው፣ ለእሱም አንድ ቦታ ተመዝግቦ ሁሉም ጋ የሚዘጋበት መንገድ ይኑር።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። ለእነዚህ ድርጅቶች ፈቃድ ሲሰጥ የቆየው ብሔራዊ ሎተሪ ራሱ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዕጣ ሲሸጥ የኖረ ተቋም ነው። ሻጭ ሆኖ ተቆጣጣሪ መሆን ይከብዳል። ገደቡን የሚያወጣውና የሚያስከብረው ከዕጣ ሽያጭ አምስት ሳንቲም የማያገኝ አካል መሆን አለበት።

ይሄ የፌዴራል ሥራ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። የከተማችን አስተዳደር ግን እስከዚያው ሁለት ነገር ይጠይቅልን፦ ቤቶቹ ከትምህርት ቤት በር እንዲርቁ፣ ማታም በጊዜ እንዲዘጉ። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ይህንኑ አነሳለሁ፣ የሚስማማ ካለ አብሮኝ ይምጣ።