የጋራዥ ወለልና የፈሰሰ ዘይት፦ እስካሁን የተማርኩት

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ! ሰሞኑን ከሞተሩ እኩል ወለሉን እያጠናሁ ነው። መካኒክን ወለሉ የሚያንሸራትተው መፍቻ በእጁ እንደያዘ፣ ክሪክ ላይ በቆመ መኪና አጠገብ ነው። ስለዚህ ወለል መጠበቅን ከሙያው እቆጥረዋለሁ።

አብዛኛው የሚፈሰው ዘይት ስንቀይር ነው። የማፍሰሻው ቡሎን እንደተነቀለ ዘይቱ ራቅ ብሎ ይወረወራል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ወደ ቀዳዳው ሥር ይመለሳል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ንፋስ ይወስደዋል። ሳፋውን አስቀምጦ ዘወር ያለ ሰው ወለሉን ዘይት አጠጣ ማለት ነው። አሁን ሰፊ ሳፋ ይዤ እስኪያልቅ አጠገቡ እቆያለሁ። ፊልትሮውን ደግሞ ላላ አድርጌ ፌስታል አለብሰውና በፌስታሉ እፈታዋለሁ። ይቺ ዘዴ በጣም ተመችታኛለች።

ከፈሰሰስ? መጀመሪያ ውሃ እንዳታስነኩት! ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ ወለሉን ያዳርስና ቱቦ ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የአንድ መኪና ቅያሪ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል፤ ያ የ50 ሰው የዓመት ውሃ ነው። እኔ ደረቅ ሰጋቱራ ዙሪያውን አጥሬ ወደ መሃል እሞላዋለሁ፣ በጫማ አሸዋለሁ፣ ሲጠቁር ጠርጌ በአዲስ እደግማለሁ። ኦሞና ብሩሽ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ቤንዚን ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሰጋቱራ ራሱ ይነዳል፣ ስለዚህ ደረቅ አሸዋ ይሻላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መኪና ሥር የምንገባበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ብየዳ ይቁም፣ በር ይከፈት፣ ማብሪያ ማጥፊያ ማንም አይንካ።

የራዲያተር ፈሳሽ (ያ አረንጓዴው) ጣፋጭ ነው፣ ግን መርዝ ነው። የጋራዡ ውሻ ሊልሰው ስለሚችል ለነገ አይባልም፤ ወዲያው በጨርቅ መጠጥ አድርጎ ማጠብ ነው።

አሮጌውን ዘይት ክዳን ባለው ጄሪካን ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ ከራዲያተር ፈሳሽ ጋር አልቀላቅልም።

አሁን የቀረኝ ሲሚንቶው የጠጣው የድሮ እድፍ ነው። ኦሞ በትንሽ ውሃ አላቁጬ፣ አሳድሬበት፣ በሽቦ ብሩሽ እየፈተግኩ ነው። ቀለሙ ሳስቷል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። የተሻለ ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።