አቧራውን ያስያዘልኝ ሰርዶ

መሬቴ ከአንድ የማዕድን ማውጫ የተረፈ አፈር ክምር ግርጌ ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ግራጫ አቧራ ይራገፍበታል። መጀመሪያ ጥሩ የግጦሽ ሣር ዘር ገዝቼ በተንኩ። በቀለ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ገረጣ። ውኃ ጠምቶት ነው ብዬ ጠዋት ማታ አጠጣሁት፤ ነቅዬ ሳየው ግን ሥሩ አጥሮ ጫፉ ጠቁሯል።

ከዚያ ነው ክምሩን ራሱን ማየት የጀመርኩት። ጥግ ጥጉን ማንም ያልዘራው ሰርዶ ይዞታል! ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ብራድሾው የተባለ ብሪታኒያዊ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 እንደጻፈው፣ በእርሳስና በዚንክ በተበከለ የማዕድን መሬት ላይ የኖረ ሣር፣ ንጹህ መሬት ላይ ከሚበቅለው ከራሱ ዝርያ ይልቅ መርዙን ይችላል። ስለዚህ የሣሩን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም፣ ከየት እንደመጣም ማየት ያስፈልጋል።

አፈሩን አስመረመርኩ። አሲዳማ ነው፣ እርሳስና ዚንክ በዝቶበታል። ኖራና ኮምፖስት ቀላቀልኩበት፤ አሲዱ ሲቀንስ እነዚህ ብረቶች በውኃ የመሟሟት አቅማቸው ይቀንሳል። እናንተ ጋ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ካለ ግን ኖራው ጭራሽ ከአፈሩ ሊያላቅቀው ይችላልና ሳታስመረምሩ እንዳትነኩት። ከዚያ አፈሩን አርጥቤ፣ ማስክ አድርጌ፣ የክምሩን ሰርዶ በየአንጓው ቆራርጬ ተከልኩ። ተዳፋቱ ላይ ቬቲቨር የሚባለውን ሣር በአግድም ደረደርኩ። ሥሩ ወደ ታች 3 ሜትር ድረስ ሊሄድ ይችላል፣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ ይይዛል።

ትልቁ የተሳሳትኩት ነገር ሣሩ መርዙን መጦ የሚጨርሰው መስሎኝ ነው። አይጨርሰውም። እርሳሱ እዚያው አለ። ሣሩ አብዛኛውን ሥሩ አካባቢ ያስቀረዋል፣ አፈሩን ሸፍኖም አቧራ እንዳይነሳ ያደርጋል። ለዚህ ነው ከብት ማስገባት የማይቻለው፤ ቅጠሉ ላይ ያረፈው አቧራና ከሥሩ ጋር የሚነቀለው አፈር ሆዳቸው ይገባል። ለምለም ሣር እያየሁ ላሞቼን ከአጥር ውጭ ማቆም ከተከላው ሥራ ሁሉ ይልቅ ከበደኝ።

ሁለት ቦታ ላይ እስካሁን እንቢ ብሎኛል፣ ራሰ በራ ነው። ዝናብ ሲጀምር ኮምፖስቱን እጥፍ አድርጌ፣ በክምሩ አናት ላይ ከበቀለው ሰርዶ ወስጄ ደግሜ እተክላለሁ።